ወደ ላስታ የተደረገ ጉዞና የእናታችን ቤት

ሰው ቤት ለመሥራት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «በምን ልሥራው?» የሚል ነው። አንዱ ድንጋይን ያመሰግናል፤ ሌላው ብሎኬትና ሲሚንቶ ካልሆነ ቤት አይባልም ይላል፤ ሦስተኛውም «አባቶቻችን በእንጨትና በጭቃ ሠርተው ዕድሜያቸውን በደኅና ጨርሰውበት የለምን?» ብሎ ይከራከራል። እኛም ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ከአዲስ አበባ ተነሥተን እስከ ላስታ ድረስ ተጉዘን ነበር። ነገር ግን ጥያቄው በመንገድ ላይ ሳለን ተለወጠብን፤ ሙሉ መልሱንም ያገኘነው ዘግይተን ነው። ቤት ለመሥራት ወይም ለወላጆቻቸው ለማሠራት የሚያስቡ ቤተ ሰቦች ከእኛ ስሕተት ቢጠቀሙ ብለን ያየነውን እንደሚከተለው እንጽፋለን።

ለጉዞው ምክንያት የሆነን የእናታችን ቤት ነው። እናታችን የሚኖሩት ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። ቤቱን አባታችን በጎልማስነታቸው ዘመን ከጎረቤቶቻቸው ጋር በደቦ የሠሩት ሲሆን፥ እንደ ላስታ ወግ ክብ፥ ባለ ሁለት ደርብ፥ ግንቡ ቀይ ድንጋይና ጭቃ፥ ክዳኑም ሣር ነው። ምድር ቤቱ ለከብትና ለእህል ይሆናል፤ ሰው የሚኖረው በላይኛው ደርብ ሲሆን፥ መውጫው በውጭ በኩል የተካበ የድንጋይ ደረጃ ነው። አባታችን ካረፉ በኋላ ታላቅ ወንድማችን በአሜሪካ፥ እኛ ሦስታችን፥ ሁለት እኅትማማቾችና አንድ ወንድም፥ በአዲስ አበባ መኖር ብንጀምር፥ እናታችን ግን «የአባታችሁን ደጃፍ ዘግቼ አልሄድም» ብለው እዚያው ቀሩ። እኛም በ2004 ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥተን ግንቡን ከውጭ በሲሚንቶ አስለሰንነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ቤቱን እያየ ያመሰግነን ስለ ነበር ለእናታችን ትልቅ ውለታ የዋልን መስሎን ደስ ብሎን ኖርን።

በ2011 ዓ.ም. በልደት በዓል ሰሞን ግን የቤቱ የኋላ ግንብ ማበጡንና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ መታየቱን አንድ ዘመዳችን ነገረን። እናታችን ራሳቸው ምንም አልነገሩንም ነበር። ወንድማችን ይህን በሰማ ጊዜ «አፍርሱትና በብሎኬት ሥሩላቸው፤ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ» አለ፤ ገንዘቡንም ሳይውል ሳያድር ላከ። ታላቂቱ እኅታችን በአዲስ አበባ የባለ ሦስት ክፍል ቤት ንድፍ አሠርታ በቦርሳዋ ያዘች። ጥምቀት ባለፈ በጥቂት ቀን ውስጥ ጉዞ ጀመርን። ክረምት እስኪገባ ድረስ የቀረን ጊዜ አምስት ወር ያህል ነበር።

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደብረ ብርሃን ብርዷ የታወቀ የደጋ ከተማ ናት። በዚያ ለምሳ ባረፍን ጊዜ፥ ቤት ልናሠራ የምንሄድ ሰዎች ስለ ሆንን ዓይናችን ሁሉ ከግድግዳ ላይ ነበር። በከተማይቱ ጥግ አንድ አዲስ የብሎኬት ቤት ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ እንደ ደረጃ እየወረደ ተሰንጥቆ አየን። ብሎኬቱ አዲስ፥ ልስኑም ያማረ ነበረ። በአጠገቡ ድንጋይ ይጠርብ የነበረ አንድ ግንበኛ መደነቃችንን አይቶ፥ «ቤቱ አልታመመም፤ የታመመው መሬቱ ነው» አለን። የቆመው በጥቁር ዋልካ ላይ ነበር። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይኰማተራል። የቤቱ አንድ ወገን ሲያብጥ ሌላው ወገን ሲኰማተር ግድግዳው መካከል ላይ ይቀደዳል። መድኃኒቱም ጥቁሩ አፈር እስኪያልቅ ድረስ ቆፍሮ አውጥቶ በጠንካራው መሬት ላይ መመሥረት፥ የጣራውም ውኃ ወደ መሠረቱ እንዳይመለስ ቦይ ማውጣት ነው። ሲሚንቶ ድንጋይን ከድንጋይ ያጣብቃል እንጂ ከበታቹ ያለውን መሬት አያጠነክረውም።

ከዚያ ከተነሣን በኋላ በመኪናው ውስጥ ስለዚሁ ነገር ስንጨዋወት፥ ጌታችን በወንጌል ስለ ሁለቱ ቤት ሠሪዎች ያስተማረው ምሳሌ ትዝ አለን። ልብ ብለን ብናስበው፥ ሁለቱ ሰዎች ቤታቸውን በምን እንደ ሠሩት በምሳሌው አልተነገረም፤ የተነገረው በምን ላይ እንደ ሠሩት ብቻ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ስንሰማው ኖረን ይህን ሳናስተውል መቅረታችን አስገረመን።

ጣርማ በር ላይ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተበሳውን የተራራ ውስጥ መንገድ አልፈን ወደ ደብረ ሲና ቍልቍል ስንወርድ ብርዱ ለቀቀን። ሸዋ ሮቢት በደረስን ጊዜም ሙቀቱ ካፖርታችንን አስወለቀን። ከድንጋዩ አገር ወደ እንጨቱ አገር ገብተናልና የቤቱም ዓይነት ተለወጠ፤ ቋሚው ባሕር ዛፍ፥ ማገሩ ቀጭን እንጨት፥ ምርጊቱ ጭቃና ጭድ፥ ክዳኑ በብዛት ቆርቆሮ ነው። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ለቤት ሠሪ ትልቅ ረዳት ሆኗል፤ ቶሎ ያድጋል፥ ቀጥ ይላል፥ ዋጋውም ከሌላው እንጨት ይቀላል። ነገር ግን ምስጥ ይበላዋል። አንድ አናጢ ከፈረሰ ቤት ያወጣቸውን ቋሚዎች አሳየን፤ ከመሬት በላይ ያለው ወገን እንደ ነበረ ሲሆን፥ የተቀበረው ጫፍ ግን በጣት ሲነኩት ይፈርስ ነበር። ጥድና ወይራ ምስጥን ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ ደናችን እየሳሳ ስለ ሄደ እነርሱን ማግኘት እየከበደ ነው። ስለዚህ አናጢው የሚመክረው እንጨቱን ልጡን ልጦ፥ በጥላ አድርቆ፥ በመሬት ውስጥ በመቅበር ፈንታ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ እንዲያቆሙት ነው። እንጨት ከምስጥ ተጠብቆ ደረቅ ሆኖ እስከ ቆየ ድረስ ዕድሜው ከሰው ዕድሜ ይበልጣል አለን። ይህ ቃል በኋላ ላስታ ላይ በዓይናችን የምናየው ሆነ።

ቆርቆሮውንም አስተዋልነው። ቆርቆሮ ለመክደን ፈጣን፥ ከእሳትም የሚጠብቅ ነው። ሆኖም ቀን ያቃጥላል፥ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ዝናሙንም ጠርጎ ያወርደዋል እንጂ ወዴት እንደሚሄድ አይጠይቅም። አሸንዳ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ያለ የጭቃ ግድግዳ ሁሉ እግሩ ተበልቶ አየን። ቤቱን የጐዳው ቆርቆሮው አይደለም፤ ክፈፉ አጭር መሆኑና አሸንዳ አለመደረጉ ነው።

ከሸዋ ሮቢት አልፈን ካራ ቆሬ ስንደርስ አንዲት ሻይ ቤት ገብተን አረፍን። ይህ አገር በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር በጽኑ የመሬት መንቀጥቀጥ የተመታ ነው፤ በካራ ቆሬና በአቅራቢያው ባለችው በማጀቴ ብዙ ቤት ፈርሷል። መንገዱ የሚያልፈው ከስምጥ ሸለቆው አፋፍ ሥር ስለ ሆነ መሬቱ ዕረፍት የለውም። ከእኛም ጉዞ በኋላ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ በኩል የሆነውን ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ የማያስታውስ የለም። በሻይ ቤቱ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከአባታቸው የሰሙትን ሲነግሩን፥ «ድንጋይ ከባድ ነው፤ ማሰሪያ ካላገኘ እያንዳንዱ ለራሱ ይወርዳል። እንጨት ግን ይወዛወዛል እንጂ አይበታተንም» አሉ። እኛም ይህን በማስታወሻችን ጻፍነው። እስከዚያ ድረስ ድንጋይ ከሁሉ የጸና ነው ብለን እናምን ነበርና፥ ክብደቱ ራሱ ጠላት ሊሆን እንደሚችል አላሰብንም ነበር።

ደሴ አድረን በማግሥቱ ወልድያ ደረስን፤ ከዚያም የድልብን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥተን በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ ታጠፍን። ከመንደራችን ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። እናታችን ግቢውን አስጠርገው፥ ቄጠማ ጐዝጕዘው፥ ቡና አስቀርበው ጠበቁን። እኛ ግን ሰላምታችንን በወጉ ሳንጨርስ ወደ ቤቱ ጀርባ ሄድን። ግንቡ ሆዱን ነፍቶ ወደ ውጭ ወጥቷል፤ ስንጥቁም ከደርቡ ጀምሮ እስከ መሠረቱ ወርዷል። እናታችን ከታች የነበረውን እህል አንሥተው፥ መኝታቸውንም ወደ በሩ አስጠግተው ነበር።

«ምነው እናታችን፥ እንዲህ እስኪሆን ድረስ ለምን አልነገሩንም?» አልናቸው።

እርሳቸውም ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «ያስለሰናችሁልኝ እናንተ ናችሁ፤ ውለታችሁን እንዴት አድርጌ ልክሰስ?» አሉ።

ነገሩ ወዲያው አልገባንም። በማግሥቱ የመንደሩ አዛውንት ግንበኛ መጥተው በመዶሻቸው ልስኑን መታ ባደረጉት ጊዜ ግን ገባን። ልስኑ እንደ ቅርፊት ተላቀቀ፤ ከበስተኋላውም ያለው ጭቃ፥ ዝናም ካቆመ አራት ወር አልፎት ሳለ፥ እርጥብ ነበረ። ግንበኛውም እንዲህ ብለው አስረዱን። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ግንብ በክረምት የጠጣውን ውኃ በበጋ ይተፋል። አባታችን በጭቃና በእበት መርገውት በነበረ ጊዜ ግንቡ ይተነፍስ ነበር። ሲሚንቶ ግን አይተነፍስም። ጭቃው ሲለሰልስና ሲደርቅ ሲሚንቶው አብሮት ስለማይሄድ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል፤ ውኃው በዚያ ይገባል፥ መውጫ ግን ያጣል፤ በግንቡ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ጭቃውን እያሟሟ ድንጋዩን ከድንጋዩ ይለየዋል። ቤቱ ውጩ አምሮ ውስጡ ሰባት ዓመት ሲታመም ኖረ። እናታችን ይህን ከመጀመሪያው ክረምት ጀምሮ፥ እህላቸው በግድግዳው ሥር ሲሻግት አውቀውት ነበር። እንዳናፍር ብለው ዝም አሉ፤ እኛም ያፈርነው ስለ ዝምታቸው ነው።

በዚያው ሰሞን እናታችን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሄደን እንድንሳለም ፈለጉ፤ ግንበኛውም አብረውን መጡ። አስቀድመን ግን በላሊበላ አሥራ አንዱን የቅዱስ ላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ተሳለምን። እነዚህ ከአንድ ዓለት የተፈለፈሉ ስለ ሆኑ ድንጋይ ከድንጋይ የሚጋጠምበት መገጣጠሚያ የላቸውም። ከልጅነታችን ጀምሮ የምናውቃቸው ቢሆኑም፥ በዚያ ቀን ግንበኛው ያሳዩን ግን ከዚያ በፊት አይተነው የማናውቀውን ነው፤ ይኸውም የውኃውን መንገድ ነው። የፈለፈሉት አባቶች ዙሪያውን ጥልቅ አድርገው ሲቆፍሩ የዝናሙ ውኃ ተንደርድሮ የሚወጣበትን ቦይ አብረው ሠርተዋል። እንዲህም ሆኖ ዓለቱ ከስምንት መቶ ዓመት ዝናም ጉዳት አላመለጠም፤ ስለዚህም በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዳንዶቹ ላይ የብረት ምሰሶ ያላቸው መጠለያዎች ተተክለዋል። «ዓለት እንኳ ጥላ የፈለገበት ዝናም ለእኛ ጭቃ ምን ሊያደርግ ነው?» አሉ ግንበኛው።

በቤተ አማኑኤል ዘንድም ሌላ ነገር አሳዩን። የውጭው ግድግዳ አንድ ዓለት ሆኖ ሳለ፥ እንደ አክሱም ዘመን ግንብ በእንጨትና በድንጋይ ተራ በተራ የተሠራ እንዲመስል ተቀርጿል። ዓለቱን የቀረጹት ሰዎች እንጨት ሳያስፈልጋቸው የእንጨቱን መልክ በድንጋይ መቅረጻቸው፥ ያ አሠራር በዘመናቸው ምን ያህል የከበረ እንደ ነበረ ያሳያል።

አሠራሩን በእውነተኛ እንጨቱ ያየነው በይምርሐነ ክርስቶስ ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በተራራ ላይ፥ በጥድ ደን መካከል፥ በሰፊ ዋሻ ውስጥ የቆመ ነው። የሠራው ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠው የዛጔው ንጉሥና ካህን ይምርሐነ ክርስቶስ መሆኑ ይታወቃል። ግድግዳው አንድ ተራ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፥ አንድ ተራ ጥቁር እንጨት እየሆነ ይወጣል። በትግራይ ባለው በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያንም እንደዚሁ ነው፤ በዚያ ግድግዳውን በስፋቱ የሚያቋርጡት አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ስለሚወጣ «የዝንጀሮ ራስ» ይባላል። ግንበኛው እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘርግተው፥ «እንጨቱ ለጌጥ ብቻ የገባ አይደለም። ድንጋዩን እንደ መቀነት ያስረዋል» አሉ። በካራ ቆሬ ሽማግሌው የነገሩን ነገር በዚህ ተፈጸመ። ዋሻው ዝናሙን ከልክሎለት እንጨቱ ይህን ያህል መቶ ዓመት ደርቆ መኖሩንም ባየን ጊዜ የሸዋ ሮቢቱን አናጢ አስታወስነው። በመንገዳችን ሁሉ ለየብቻ የሰማነው ነገር፥ የመሬቱ ጽናት፥ የእንጨቱ ድርቀት፥ የውኃው መንገድ፥ የግንቡ መታሰር፥ በእነዚህ ሥፍራዎች አንድ ላይ ተሰብስቦ ቆይቶን ነበር። እናታችንም ግድግዳውን ተሳልመው፥ «ይህስ የእኛ ቤት አያት ነው» አሉ።

በዚያ ማታ ለወንድማችን ስልክ ደወልን። ጠቡ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። ወንድማችን፥ «እኔ እዚህ በሌሊት ሥራ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ የላክሁት እናቴን ከጭቃ ቤት ላወጣ ነው፤ እናንተ መልሳችሁ ወደ ጭቃ ታስገቧቸዋላችሁን?» ብሎ በጣም አዘነ። ነገሩም እውነት አለው። ከልጅነቱ ጀምሮ ያን ጣሪያ እየወጣ ሣር ያለበሰ፥ በክረምት ጭቃ የረገጠ እርሱ ነውና ድካሙን ከእኛ የበለጠ ያውቃል። እኛም ተከፋፈልን፤ ታላቂቱ እኅታችን ንድፏን ገና ከቦርሳዋ አላወጣችውም ነበር፥ ልታወጣውም ፈለገች።

ስለዚህ ተቀምጠን ቆጠርን። ሲሚንቶው፥ ብረቱና አሸዋው ሁሉ በመኪና ከሩቅ መምጣት አለበት። መኪናውም ከመንደሩ ደጃፍ አይደርስም፤ የቀረውን መንገድ ሰውና አህያ ይሸከሙታል። አንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ ለማቡካት ብቻ 25 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል፤ የተሠራውም ቢያንስ ሰባት ቀን ውኃ እየጠጣ ካልቆየ ኃይሉን አያገኝም። ያን ውኃ የሚያመጡት ሴቶችና ሕፃናት ከምንጭ በጀሪካን ተሸክመው ነው። ውኃው አነሰ ተብሎ የማይጠጣ ሲሚንቶ፥ ሳይታጠብ የሚገባ አፈር የበዛበት አሸዋ፥ ብረቱ የቀጠነ ምሰሶ ደግሞ በስሙ ብቻ ጠንካራ የሆነ ቤት ይሠራል። ይህን ሁሉ ለማሟላት የሚበቃ ገንዘብ ነበረን እንበል፤ ጥያቄው በዚህ አላለቀም። የጨረሰችው እናታችን ናቸው። ስልኩን ተቀብለው፥ «ልጄ፥ የላክኸው በረከት ነው፤ ቤቱንም ትሠራልኛለህ። ከሠራኸው በኋላ ግን ሲሰነጠቅ ማን ይጠግንልኛል?» አሉት።

ወንድማችን ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም፥ «እንደ ወደዱ ይሁን፤ ነገር ግን ጢሱን ያስወጡልኝ» ብሎ ተስማማ። የእናታችን ዓይን በጢስ እንደ ደከመ ያውቅ ነበር።

ሥራው በየካቲት ተጀምሮ በሚያዝያ አለቀ። አስቀድሞ ደርቡንና ጣሪያውን በጠንካራ እንጨት ደግፈን ያበጠውን ግንብ እስከ መሠረቱ አፈረስን፤ ከሌላውም ግንብ ላይ ሲሚንቶውን ሁሉ ቀርፈን ጣልን። ከቤቱ በላይ ባለው ዳገት በኩል ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ወደ ሸለቆው እንዲሄድ ተደረገ። ድንጋዩ የራሱ የአሮጌው ግንብ ድንጋይ ነው። ግንበኛው በየክንዱ የግንቡን ውፍረት ሙሉ የሚያልፍ ረጅም ድንጋይ እያጋደሙ የውስጡንና የውጩን ተራ አያያዙት። በየአንድ ሜትሩ ከፍታም ከፈረሰ አሮጌ ቤት የገዛነውን ጥድ ጫፍ ለጫፍ እያጋጠሙ እንደ መቀነት አዞሩበት። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ብዙ ቀን ከቦካ በኋላ ነው የተመረገው፤ ከላዩም በ17ኛው መቶ ዓመት የጎንደርን ግንቦች ያጸናው ኖራ በስሱ ተቀባ። ኖራ ዝናምን ይመልሳል፥ የግንቡንም ትንፋሽ አያፍንም። የሣሩ ክፈፍ ከግንቡ በደንብ እንዲርቅ ረዘም ተደረገ። ዐቢይ ጾም ስለ ነበር ከባዱ ድንጋይ የሚነሣው በጧት ነው። ሠራተኛው ግን አልጐደለም፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና በደቦ ብዙ ሰው መጣ። ግንበኛውም አራት ጐረምሶችን ከአጠገባቸው ሳይለዩ ሥራውን እያሳዩ አስተማሯቸው።

ሲሚንቶን ግን ጨርሰን አልናቅነውም። በወንድማችን ገንዘብ ከቤቱ ጎን ጢስ መውጫ ያላት ትንሽ ማድ ቤት ሠራን፤ ክዳኗ ቆርቆሮ ነው፥ አሸንዳዋም የክረምቱን ውኃ ወደ በርሜል ያወርዳል፤ የበርሜሉ መቀመጫና የማድ ቤቷ ወለል ሲሚንቶ ነው። እያንዳንዱ ነገር በሚያውቀው ሥራ ገባ። ይህም ያለ ዋጋ አልሆነም፤ የሣር ክዳንን ከነቀዝና ከመበስበስ የሚጠብቀው የምድጃው ጢስ ስለ ነበር፥ ጢሱ ከወጣ ወዲህ ሣሩን በየዓመቱ ማየትና ቶሎ ቶሎ መለወጥ ግድ ሆኗል። የእናታችን ዓይን ከሣሩ ይበልጣልና ይህን ወደን ተቀበልን።

የእናታችን ጥያቄ ፍጹም መልስ ያገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላስታ ደረሰ። ከነሐሴ ወር ጀምሮ መንገዱም ስልኩም ተቋረጠ። ወራት በሙሉ የእናታችንን ድምፅ ሳንሰማ፥ በሕይወት መኖራቸውንም ሳናውቅ ቆየን። በዚያ ጊዜ ስለ ቤት ያሰበ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ስልክ ተገናኝቶ ድምፃቸውን በሰማን ጊዜ ሁላችንም አለቀስን። እርሳቸው ግን ስለ ደኅንነታቸው ከነገሩን በኋላ የነገሩን ስለ ቤቱ ነበር። ከሌላ ሥፍራ የተፈናቀሉ ሁለት ቤተ ሰቦችን በምድር ቤቱ አስጠልለው ከርመዋል። በነሐሴ አንድ ሌሊት በኃይለኛ ዝናም በደረጃው በኩል ያለው ካብ ተናደ፤ ግንበኛው ያስተማሯቸው ጐረምሶች በሦስት ቀን መልሰው ካቡት። «ድንጋዩ እዚያው፥ ጭቃው ከደጃፋችን፥ ጭዱ ከአውድማችን ነበረ። ሲሚንቶ ይምጣልን ብንል ኖሮ በየትኛው መንገድ ይመጣ ነበር?» አሉን።

ወንድማችን ይህን ሲሰማ መጀመሪያ የጠየቀው፥ «ግንበኛው ደኅና ናቸውን?» ብሎ ነው። ደኅና ነበሩ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ ይህን የጻፍነው ብሎኬትን ለመንቀፍ ወይም ጭቃን ለማስወደድ አይደለም። በከተማ፥ ቦታው በጠበበበት፥ ግንበኛው ሁሉ ሲሚንቶ በሚያውቅበትና ዕቃው ከበር ላይ በሚገኝበት ሥፍራ፥ በሚገባ የተሠራ የብሎኬት ቤት መልካም ነው። ነገር ግን «በምን ልሥራው?» ከማለታችሁ በፊት፥ መሬቱ ምን ዓይነት ነው? ውኃው በየት በኩል ይመጣል፥ በየት በኩልስ ይሄዳል? ግድግዳው በምን ታስሯል? ብላችሁ ጠይቁ። አሮጌ ቤት ስታድሱም ያለበሰችሁት ነገር ከውስጡ ጋር የሚስማማ መሆኑን መርምሩ። ከሁሉ በላይ ግን እናታችን የጠየቁትን ጠይቁ፤ ሲሰነጠቅ ማን ይጠግነዋል? የማይሰነጠቅ ቤት የለምና፥ ጠጋኙ ሩቅ የሆነ ቤት ምንም ያህል ቢያምር ለሚኖርበት ሰው ስጋት ነው። ለወላጆቻችን የምናደርገውም በጎ ነገር እንደዚሁ ነው፤ እኛ ደስ ይለን ዘንድ ከምንሠራላቸው ይልቅ፥ እነርሱ ምን እንደሚሹ አስቀድመን ብንጠይቃቸው ብዙ ገንዘብና ብዙ ኀዘን ይተርፍልናል።

እግዚአብሔር የሁላችንንም ቤት ይጠብቅልን፤ በቤታችንም ውስጥ ፍቅርን ያጽናልን። አሜን።